ባዶ ከስንት ያንሳል

ጋሼ ፀጉር አስተካካይ ነው። ታላቅ ወንድሜ ነው፤ እናትና አባታችን ተከታትለው ሲሞቱብን በዚያ መቀሱ ነው ያሳደገኝ፤ ለዚህም ነው አንድ ቀን እንኳ በስሙ ጠርቼው የማላውቀው። ግራ ዓይኑ ከጠፋ ቆየ። ቀኙ ደግሞ ብሌኑ ላይ ጠባሳ እየጣለበት፣ የተነፈሱበት መስታወት መስሎ ደብዝዞ፣ አሁን የሰው ፊት የሚለየው ሊስመው እስኪመስል ሲጠጋ ብቻ ነው። ደንበኞቹ ይህን ያውቃሉ። ግማሾቹ ጆሯቸውን ይዘው ሸሽተዋል። የቀሩት ወይ ከልብ የሚወዱት ናቸው ወይ ራሰ በራ ናቸው፤ ይህን ያልኩት እኔ አይደለሁም፣ እሱ ነው።

እኔ ደግሞ የምሠራው የዓይን ባንክ ውስጥ ነው። ሲሞቱ ዓይናቸውን ለመስጠት ቃል የገቡ ሰዎች ብሌን ወደ እኛ ይመጣል፣ ፍሪጅ ውስጥ ለጥቂት ቀናት ይቆያል፣ ተራው ለደረሰ ሰው ይተከላል። ተራውን የሚያወጣው ኮምፒውተር ነው። ኮምፒውተሩ ፊት የምቀመጠው እኔ ነኝ። ይህን የሰማ ሁሉ ዓይኑን ጠቀስ አድርጎ፣ "ታዲያ ወንድምሽ ምን ችግር አለበት?" ይለኛል። ምን ችግር እንዳለበት ልንገራችሁ።

መሥሪያ ቤታችን ደንብ አለው፤ ወረፋ ላይ ዘመድ ያለው ሠራተኛ የዘመዱን መዝገብ አይከፍትም። ደንቡ ባይኖርም ጋሼ ነበር። ላስመዘግበው ይዤው የመጣሁ ቀን በር ላይ አቆመኝና፣ "ስሚ፣ ስሜን በጣትሽ ጫፍ እንዳትነኪው" አለኝ። "በአንቺ በኩል ሾልኬ ዓይን ባገኝ፣ በዚያ ዓይን አንቺን ቀና ብዬ ማየት አልችልም።" ስለዚህ የመዘገበችው ሲስተር ናት። ሲስተር የምንላት ነርሷን ነው፤ ሆዷ ሩኅሩኅ፣ ድምጿ ግን ሚስጥር ስታወራ እንኳ ኮሪደር የሚሻገር ሴት። እሷ ስትጽፍ እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ቆምኩ። እውነቴን ነው፣ እንደ ተቀጣ ተማሪ ግድግዳ ሳይ ቆየሁ።

ዳታቤዙን የሠራልን ሰው መሐንዲስ አይደለም፣ እኛ ግን መሐንዲሱ እንለዋለን። ያለንን አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ ይዞብን ሰነበተና፣ ሲጨርስ እኔንና ሲስተርን ጎን ለጎን አስቀምጦ አስተማረን።

"ነገሩ ከባድ አይደለም" አለን። "ሁለት ሰንጠረዥ ነው ያላችሁ። አንደኛው የሰዎች ነው፤ ለአንድ ሰው አንድ ረድፍ። ረድፉ በአምዶች ተከፋፍሏል፤ ስም፣ ዕድሜ፣ ስልክ፣ የተመዘገበበት ቀን፣ የዓይን ግፊት። ሁለተኛው የምርመራ ሰንጠረዥ ነው፤ ሰውየው ሐኪም ጋ በመጣ ቁጥር አንድ አዲስ ረድፍ ይጨመራል። ሁለቱን የሚያስተሳስራቸው ቁልፍ ነው። ቁልፍ ማለት ለእያንዳንዱ ሰው የተሰጠ፣ ሌላ ማንም የማይይዘው ቁጥር ነው።"

"ስሙ አይበቃም?" አለች ሲስተር።

"ስምሽን የያዘ ሌላ ሰው የለም?"

"አለች እንጂ። አማቴ።"

"እንግዲያው የአማትሽ ሕመም አንቺ ረድፍ ላይ እንዳይጻፍ ነው።"

ሲስተር ይህን ከሰማች በኋላ ቁልፍ የሚባለውን ነገር ወደደችው። ቀጥሎ መጠይቅ አሳየን። ጥያቄውን አንዴ ጽፎ አስቀምጦታል፤ እኛ ሁለቴ ጠቅ ስናደርግ ኮምፒውተሩ ሰንጠረዡን ከላይ እስከ ታች ያስስና ጥያቄውን የሚያሟሉትን ብቻ መርጦ ያወጣል። የእኛ መጠይቅ ስሙ "ተራ" ነው። ያልተተከለላቸውን፣ የዓይን ግፊታቸው ከሃያ አንድ በታች የሆነውን፣ በተመዘገቡበት ቀን ቅደም ተከተል አውጣ ይላል። ግፊቱ የገባው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ግፊቱ ከፍ ያለ ዓይን አዲስ ብሌን ቢተከልለት መልሶ ያበላሸዋል። ዳይሬክተሯ ይህን ሲያዩ በጣም ነው ደስ ያላቸው። "ከእንግዲህ ማንም መጥቶ ለእገሌ ብሎ አይለምነኝም። ይሄ ዕቃ ሰው አያውቅም" አሉ። እኔም አመንኩ። ሰው የማያውቅ ዕቃ ሰው አይበድልም ብዬ አመንኩ።

ጋሼ መጠበቅ ጀመረ። ስልኩን ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከትቶ፣ ደረቱ ላይ ለጥፎ ይውላል። ከጠራ መቀስም ምላጭም ይጥላል። አንድ ጊዜ ግማሽ ጢሙን የላጨለት ሰውዬ በሳሙና አረፋ እንደተለቀለቀ ቁጭ ብሎ ቀርቶ፣ ጋሼ ውጭ ወጥቶ ቁጥር ከተሳሳተች ሴትዮ ጋር ሲነጋገር ነበር። ማታ ማታ እኔን ሲያገኘኝ የሚለው አንድ ነገር ነው።

"ዛሬስ?"

"ዛሬም ለሌላ ሰው ነው ጋሼ።"

"እሰይ። እሱም ዓይን ያስፈልገዋል።"

ለጋሽ የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው። ብሌን በመጣ ቁጥር መጠይቁን አስነሳለሁ፣ ከላይ ያለውን ስም ለሐኪሙ እሰጣለሁ። የጋሼ ስም እዚያ ሳይኖር ሲቀር ወረፋው ረዝሞ ነው እላለሁ። ስክሪኑ ላይ የሚወጣው የሚቀድሙት ጥቂት ሰዎች ብቻ ስለሆነ፣ እሱ ከታች የሆነ ቦታ ቁጭ ብሎ እየጠበቀ ነው ብዬ እጽናናለሁ። ወርዶ መፈለግ ደግሞ እንደ መንካት መሰለኝ።

ባለፈው ሳምንት ሐኪሙ ጋ ወሰድኩት። ሐኪሙ መብራቱን ዓይኑ ላይ ይዞ ቆየና፣ "ደም ሥሮች ወደ ብሌኑ እየገቡ ነው" አለ። "ጨርሰው ከገቡ አዲስ ብናስገባለትም ዓይኑ አይቀበለውም። ከዚህ ወር ባያልፍ ደስ ይለኛል።" ሐኪም ደስ ይለኛል ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ አውቃለሁ። ወጥተን መንገድ ስንሻገር ጋሼ ክንዴን ይዞ፣ "ምን አለሽ?" አለኝ።

"ሰምተሃል እኮ።"

"ከአንቺ አፍ ልስማው ብዬ ነው።"

እኔም አልነገርኩት፣ እሱም አልደገመም።

ዛሬ ጠዋት አንዲት መምህርት ብስኩት ይዛ መጣች። ባለፈው የመጣው ብሌን የተተከለው ለእሷ ነው። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ከሩቅ ጮክ ብላ እያነበበች አሳቀችን። እኔም ሲስተርም ከልባችን ደስ አለን፤ ሥራችን የሰው ፊት ይዞ ሲመጣ የምናየው ስንት ጊዜ ነው? አንድ ብስኩት አንስቼ ስገምጥ፣ "እኔ ደግሞ ዕድለኛ ነኝ፣ ብዙ አልጠበቅኩም" አለች።

"መቼ ነበር የተመዘገብሽው?"

"ትምህርት እንደ ተከፈተ።"

ጋሼን ያስመዘገብኩት ትምህርት ቤት ሳይዘጋ ነው። እዚያው በራችን ላይ ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች ሲገፉት፣ "እነዚህ ደግሞ የሚታያቸው ሆነው ይገፉኛል" ብሎ የሳቀው ትዝ አለኝ። የገመጥኩትን ብስኩት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። መምህርቷ እስክትወጣ ፈገግ ብዬ ጠበቅኩና፣ "ሲስተር፣ የጋሼን ረድፍ ክፈቺልኝ። እኔ አልነካም" አልኳት።

ከፈተችው። አለ። ስሙ አለ፣ ዕድሜው አለ፣ ስልኩ አለ፣ የተመዘገበበት ቀን አለ። የዓይን ግፊት የሚለው አምድ ላይ ስንደርስ ግን ምንም የለም። ነጭ ነው።

ሲስተር እጇን አፏ ላይ ጫነች። "ያኔ መለኪያው ተበላሽቶ ነበር" አለች። "ለጥገና ሄዶ፣ ሲመለስ ይለካል ብዬ ተውኩት።" ወዲያው ደግሞ የምርመራውን ሰንጠረዥ ከፈተች። እዚያ ጋሼ ሐኪም ጋ በመጣ ቁጥር ተለክቷል። አሥራ አራት። አሥራ አምስት። አሥራ አራት። የጤነኛ ሰው ግፊት ነው። ቁልፉም ትክክል ነው፣ ሁለቱ ረድፎች በትክክል ተሳስረዋል። መጠይቁ ግን የሚያየው የመጀመሪያውን ሰንጠረዥ ብቻ ነበር፤ እዚያ ደግሞ ተመልሶ የሞላ ሰው አልነበረም።

መሐንዲሱ ጋ ደወልኩ። አሁን ሌላ መሥሪያ ቤት ነው የሚሠራው፤ ከኋላው ሰዎች ሲስቁ ይሰማል።

"ባዶ ከሃያ አንድ አያንስም?" አልኩት፣ ሰላም ሳልለው።

"አያንስም።"

"ይበልጣል?"

"አይበልጥም።"

"ታዲያ ምንድን ነው?"

"አይታወቅም ማለት ነው። ዜሮ ብትጽፊ ዜሮ ነው፣ ያንሳል። ባዶ ከሆነ ግን ያንሳል ወይ ብለሽ ስትጠይቂው አዎ አይልም፣ አይደለም አይልም። አዎ ያላለውን ደግሞ መጠይቁ አያወጣም።"

"ታዲያ ለምን አልነገረንም? ኮማ ስንስት የሚጮኸው ዕቃ፣ ለምን ስህተት አለ አላለም?"

"ስህተት የለም እኮ። የጠየቃችሁትን ነው የመለሰው።"

"የወንድሜን ዓይን ይዞ ስህተት የለም ትለኛለህ?"

ከኋላው ያሉት ሰዎች ሳቃቸውን ቀጥለዋል። "ይቅርታ" አለ በመጨረሻ፣ "ባዶ የሚተው ሰው ይኖራል ብዬ አላሰብኩም።" ልሰድበው ፈለግኩ። ማንን ነው የምሰድበው? እሱ ያላሰበውን ነው ያልሠራው፣ ሲስተር ያልተለካውን ነው ያልጻፈችው፣ እኔ አትንኪ የተባልኩትን ነው ያልነካሁት። ሁላችንም ልክ ነበርን። ስልኩን ዘጋሁት።

ሲስተር ወደ እኔ ጠጋ አለች። የፍሪጁን በር በዓይኗ አሳየችኝ። ሌሊቱን አንድ ብሌን ገብቷል፤ ሐኪሙ ነገ ጠዋት የሚተከልለትን ሰው ስም እየጠበቀ ነው።

"አሁን አሥራ አራት ብዬ ልሙላው" አለችኝ። "ውሸት አይደለም፤ ተለክቷል። በቀኑ ከሆነ ደግሞ አሁን ካሉት ሁሉ ይቀድማል። ከላይ ቁጭ ይላል።"

ሙዪው ልል ነበር። አልዋሽም፣ ቃሉ ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነበር። ግን የሲስተር ሹክሹክታ መሆኑን ረስተነዋል፤ በሩ ተከፈተና ዳይሬክተሯ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ገቡ። ሁሉንም ሰምተዋል። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ስክሪኑን አዩትና አንድ ነገር ጠየቁ።

"ባዶ የሆነው እሱ ብቻ ነው?"

ያን ጥያቄ እኔ አልጠየቅኩም ነበር። አላሰብኩትምም። መለኪያው የተበላሸው ለጋሼ ብቻ እንዳልሆነ ሕፃን ልጅ ያውቀዋል፤ እኔ ግን ጋሼን ብቻ ነበር የማየው። መሐንዲሱን መልሰን ደወልንለት። እየነገረን መጠይቁን አስተካከልነው፤ ግፊቱን ከምርመራው ሰንጠረዥ፣ ከመጨረሻው ረድፍ እንዲወስድ። ሁለቴ ጠቅ አደረግኩ።

ስክሪኑ ሞላ። አይተናቸው የማናውቅ ስሞች ከላይ ተደረደሩ። መለኪያው ጥገና ላይ በነበረ ጊዜ የመጣ ሁሉ፣ ሲስተር ነገ ይለካል ያለችው ሁሉ፣ እዚያው ነበር። ማንም አልሰረዛቸውም፤ ሰንጠረዡ ውስጥ ቁጭ ብለው ስልካቸውን ይዘው ሲጠብቁ ነበር። ዓይኔን ወደ ታች አወረድኩ፣ ጋሼን ፈለግኩ፣ ወረድኩ፣ አሁንም ወረድኩ። አገኘሁት። ከላዩ ያለው ሰው ሁሉ በተራው ነው ከላዩ ያለው።

"ያለፍናቸው እኛ ነን" አሉ ዳይሬክተሯ። "በተራ ይደወላል። ያላነሳ ተራውን አያጣም፣ ተፈልጎ ይገኛል። የነገዋ ብሌን ግን ቀን ስለማትሰጠን፣ መጀመሪያ ላነሳውና ጠዋት መድረስ ለሚችለው ትሆናለች።" ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "ሌላ ሰው ይደውል። አንቺ አትችዪም።"

"እኔ እደውላለሁ" አልኩ። ለምን እንዳልኩ ልንገራችሁ፤ ከጨዋነት አይደለም። አለማንሳታቸውን በጆሮዬ ልሰማ ፈልጌ ነው።

የመጀመሪያው ስልክ ዝግ ነበር። ደስ አለኝ። ሁለተኛው ጠራ፤ ያነሳው ሰው ቁጥሩን በቅርብ እንደገዛውና የምጠይቀውን ሰው እንደማያውቀው ነገረኝ። እንደገና ደስ አለኝ። ሦስተኛውን አንድ ጎልማሳ ድምፅ አነሳው። "አባቴ አርፏል" አለኝ። "ዓይኑ ሲደክም ከደረጃ ወደቀ። ማን ልበል?" ማን ልበለው? ነፍስ ይማር ብዬ ዘጋሁት። ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ፣ መጀመሪያ የተሰማኝ እፎይታ ነበር፤ ኀዘኑ ቆይቶ ነው የመጣው። ሲስተር አጠገቤ ሆና ታለቅሳለች፣ ሳግ ሲይዛት ኮሪደሩ ሁሉ ይሰማል። እኔ እደውላለሁ። አያነሱም፣ ዝግ ነው፣ ቁጥሩ የለም። እያንዳንዱ ጥሪ ሲጮህ በሆዴ አታንሳ፣ አታንሺ እላለሁ። የማላውቃቸውን፣ ምንም ያላደረጉኝን ሰዎች እንዲህ እያልኩ አሳለፍኳቸው።

ከጋሼ በላይ አንድ ስም ቀረ። ሴት ናት። ደወልኩ። ጠራ። ጠራ። ጠራ። የጋሼ ቁጥር ከሥር ይታየኛል፤ አንድ መስመር ዝቅ ብል የእሱ ኪስ ነው የሚጮኸው። ምላጩን ጥሎ ሲወጣ ታየኝ። ጥሪው ሊቋረጥ ሲል፣ ልክ ሊቋረጥ ሲል፣ ተነሳ።

"ሄሎ! ሄሎ! እንዳትዘጉት!" አለች እያለከለከች። "ስልኩን የት እንዳስቀመጥኩት ጠፍቶብኝ ስዳብስ ነው። ማን ልበል?"

ብዘጋው ማን ያየኛል? ሲስተር መሐረቧ ውስጥ ናት፣ ዳይሬክተሯ ወጥተዋል። አላነሳችም ብል ማንም አይጠይቀኝም። ጣቴ ቀዩዋ ምልክት ላይ ነበር። ግን አፌ ስንት ዓመት የለመደውን፣ እኔን ሳያስፈቅድ ጀመረ። "ከዓይን ባንክ ነው የምንደውለው። እንደምን አሉ? ተራዎ ደርሷል።" ደግ ሆኜ አይደለም። ልማድ ነው የተናገረው።

ከዚያ፣ "እኔን ነው?" አለች። "እርግጠኛ ነሽ የኔ እናት? ረስታችሁኝ መስሎኝ ነበር እኮ።"

"አልረሳንዎትም" አልኳት። ጠዋት በባዶ ሆድ እንድትመጣ ነገርኳት። መረቀችኝ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ የጋሼን ረድፍ አየሁት። መጠይቁ ውስጥ አለ፣ አሁን ይታያል፣ ምንም ባዶ ቦታ የለውም። ከላዩም ያልተነሱት ስልኮች ሁሉ ተራቸውን ይዘው ተደርድረዋል። ለሚቀጥለው ብሌን፣ መቼም ይምጣ መቼ፣ ከላይ ነው የሚጀመረው።

ሱቁ ስደርስ ገና አልመሸም። ጋሼ ሰው ስላልነበረው የደንበኛ ወንበሩ ላይ ራሱ ተቀምጧል፣ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ። እርምጃዬን ያውቃል።

"ዛሬስ?" አለኝ።

የመጠበቂያው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኩት። መለኪያውን፣ ባዶውን አምድ፣ መምህርቷን፣ ከደረጃ የወደቀውን ሰውዬ፣ የመጨረሻዋን ሴትዮ። ጣቴ የት ላይ እንደነበረም ነገርኩት። እየነገርኩት አለቀስኩ። ይስቃል ብዬ ጠበቅኩ፣ ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን የተጠቀለለውን ማበጠሪያ ከጨርቁ ፈትቶ ጥርሶቹን አንድ በአንድ በጥፍሩ እያሻሸ ቆየ።

"ያቺ ሴትዮ" አለ በመጨረሻ፣ "ቶሎ አነሳችው?"

"ቆይታ ነው። ሊቋረጥ ሲል። የት እንዳስቀመጠችው ጠፍቶባት ስትዳብስ ነበር።"

ራሱን ነቀነቀ። እጁ ሳያስበው ወደ ሸሚዙ ኪስ ሄደና ስልኩን ከኪሱ ሳያወጣ ዳሰሰው።

"እኔ እኮ" አለኝ፣ "በመጀመሪያው ጥሪ ነበር የማነሳው።"